የሰንጋው ዘፈን በጁባ

የአንድ ሰው ዘፈን

ጁባ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ናት። በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር፣ የባሪ ሕዝብ ከጥንት በኖረበት ምድር ላይ ተቆርቁራለች። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2011 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ከየማዕዘኑ የመጣ ሕዝብ ስለሚኖርባት በአንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ ዓይነት ሙዚቃ ይሰማል። በጁባ ዓረብኛ (በ19ኛው መቶ ዘመን በወታደር ሰፈሮች ውስጥ ተፈጥሮ ዛሬ የከተማው መግባቢያ የሆነ ቅይጥ ቋንቋ) የሚዘፈን ዘመናዊ ዘፈን፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ ከጎረቤት አገሮች የመጣ የጭፈራ ሙዚቃ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለእንግዳ ጆሮ ከሁሉ የሚገርመው ግን አንድ ሰው ስለ አንድ ከብት የሚዘፍነው ረጅም ዘፈን ነው።

ሰንጋ ማለት ተኮላሽቶ ለግዝፈቱና ለውበቱ የሚያዝ በሬ ነው። በዚህ ማብራሪያ ሰንጋ ዘፈን የተባለው ደግሞ አንድ ሰው፣ በአብዛኛው ወጣት ወንድ፣ የራሱን ሰንጋ እያወደሰ የሚዘፍነው ዘፈን ነው። የሚጀምረው ከከብቱ ቀለምና ቀንድ ቢሆንም እዚያ ላይ አይቆምም። የባለቤቱን የዘር ሐረግ፣ ሰንጋው በምን መንገድ እጁ እንደገባ፣ የወደዳትን ልጃገረድ፣ የደረሰበትን በደል፣ የተቀየመውን ዘመድ፣ የሄደበትን አገር ሁሉ ያነሣል። ሰንጋው የዘፈኑ መነሻ ነው፤ የዘፈኑ ጉዳይ የባለቤቱ ሕይወት ነው።

ልማዱ በአገሪቱ ከብት አርቢዎች በኑዌርና በሙንዳሪ ሕዝቦች ዘንድም አለ፤ በስፋት የተጠናው ግን የዲንካ ሕዝብ ልማድ ነው። የዲንካ ተወላጅ የሆኑት የሕግ ምሁርና ዲፕሎማት ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስለ ዲንካና ስለ ዘፈኖቹ በሚያወሳ መጽሐፍ ዘፈኖቹን በየዓይነታቸው ከፍለው አቅርበዋል። የሰንጋ ዘፈን፣ የብሶት ዘፈን፣ ወደ ጉልምስና የመሸጋገሪያ ዘፈን፣ እኩዮች እርስ በርስ የሚሰዳደቡበት ዘፈን፣ የጦርነት ዘፈን፣ የሴቶች ዘፈን፣ መንፈሳዊ መዝሙር፣ የተረት ዘፈን፣ የልጆች ጨዋታ ዘፈን፣ የተማሪዎች ዘፈን በዚያ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሰንጋ ዘፈን በአንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ባለቤት አለው። እገሌ የሚባል ሰው ዘፈን ነው፤ ሌላው ሲዘፍነውም የእገሌ መሆኑ አይረሳም። የአፍሪካ ባህላዊ ዘፈን ሁሉ ደራሲ የሌለው የጋራ ሀብት ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ሰንጋ የተመረጠበት ምክንያት

በነጭ ዓባይ ተፋሰስ ለሚኖሩት አርብቶ አደሮች ከብት የኑሮ መሠረት ነው። ላም ወተት ትሰጣለች፤ የጋብቻ ጥሎሽ የሚከፈለው በከብት ነው፤ የደም ካሣ በከብት ይከፈላል፤ ለመሥዋዕት የሚታረደውም ከብት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሰንጋ እንግዳ ቦታ አለው። ወተት አይሰጥም፤ ዘር አይተካም፤ እንደ ኢትዮጵያ ደገኛ በሬ ቀንበር አይሸከምም። ከዕለት ጉርስ ሥራ ነፃ የሆነ ከብት ስለሆነ ለእይታና ለፍቅር ይተርፋል።

ኮርማ (ያልተኮላሸ ወንድ ከብት) ለዚህ የማይመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኮርማ ይዋጋል፤ ላም እየተከተለ ይባዝናል፤ ለሰው እጅም አይገራም። ሰንጋ ግን ይረጋጋል፤ ሥጋና ቁመት ያወጣል፤ ባለቤቱን ለይቶ ያውቃል፤ በሰልፍ ሲመራ ይከተላል። ወጣቱ ወደ ጉልምስና ሲሸጋገር ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ሰንጋ ይሰጠዋል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የሰውየውና የሰንጋው ስም አብሮ ይነሣል። ሰንጋውን የናቀ ባለቤቱን የናቀ ያህል ይቆጠራል።

ሰንጋው እንዳለ አይተውም፤ ይዋባል። ከጭራ ፀጉር የተሠራ ዘርፍ ከቀንዱ ጫፍ ላይ ይንጠለጠልለታል፤ አንገቱ ላይ ደወል ይታሰርለታል። ቀንዱም በሰው እጅ ቅርጽ ይይዛል። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር በጻፉት መጽሐፍ እንደገለጹት ቀንዱ ገና ለጋ ሳለ በጦር በሰያፍ ይቆረጣል፤ ሲያድግም አቅጣጫውን ለውጦ በከብቱ ፊት ላይ አቋርጦ ይዞራል። ባለቤቱ ሲጨፍር ክንዶቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ ያንኑ የቀንድ ቅርጽ ይሠራል። ከጁባ በስተሰሜን በቴሬኬካ አካባቢ የሚኖሩት ሙንዳሪዎች ደግሞ ዝንብና ትንኝ ለማባረር እበት ያጨሳሉ፤ አመዱን ከብቶቻቸውንም ራሳቸውንም ይቀቡታል። ለሰንጋው የሚደረገው እንክብካቤ ለሰው ከሚደረገው ብዙ አይለይም።

ከቀለም የሚወጣ ስም

የሰንጋው ስም ከመልኩ ይወጣል። ዲንካዎች የከብትን ቀለምና የቀለሙን አደራደር የሚለዩባቸው እጅግ ብዙ ቃላት አሏቸው። ነጩ ማቢዮር፣ ቀዩ ማልዋል ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ሰንጋም ነጩ ያረፈበት ቦታ ታይቶ ማጆክ ወይም ማሪያል ሊባል ይችላል። ከእነዚህ ሌላ ስሙ ከዱር እንስሳ የተወሰደ ብዙ አለ። ነብር የመሰለው ማኳች፣ እንደ አዞ ዥንጉርጉር የሆነው ማኛንግ፣ እንደ ዓሣ አዳኙ ንስር ጭንቅላቱ ነጭ ሆኖ ሰውነቱ የጠቆረው ማኩዌይ ይባላል። የኦክስፎርዱ ምሁር ጎድፍሬ ሊንሃርት እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት የዲንካ ሰው ዓለምን የሚያይበት ዓይን በከብት ቀለም የተቃኘ መሆኑን አሳይተዋል። ነብር ያየ ሰው የሚያስታውሰው ነብርማውን ሰንጋ ነው።

ይህ ለዘፋኙ ሰፊ ሜዳ ይከፍትለታል። የሰንጋውን ስም በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ ቀለሙን የሚያስታውስ ሌላ ነገር ያነሣል። የጠቆረ ደመና፣ በጨለማ ውስጥ የበራ እሳት፣ በረግረጉ ላይ የቆመ ወፍ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚወርድ የብርሃን ጠብታ ሁሉ የአንድ ሰንጋ መጠሪያ ለመሆን ይችላል። አድማጩ ምሥጢሩን ሲፈታ ይደሰታል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ደስታ እንግዳ አይሆንበትም። አዲስ ምስል የፈጠረ ሰው በእኩዮቹ ዘንድ ይከበራል፤ የተሰለቸ ምስል የደገመ ግን ዘፈኑ በቶሎ ይረሳል።

ስሙ ከከብቱ ወደ ሰውየው ይሻገራል። ጓደኞቹ በሰንጋው ስም ይጠሩታል፤ ልጆችም በእነዚሁ ስሞች ይሰየማሉ። መቃብራቸው ጁባ የሚገኘው የነፃነት ትግሉ መሪ ጆን ጋራንግ ሙሉ ስማቸው ጆን ጋራንግ ደ ማቢዮር ነበር፤ ማቢዮር ነጭ ሰንጋ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ የሚታወቀው የፈረስ ስም ለዚህ ቅርብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ነው፤ ጀግናው ሲፎክርም ሲወደስም በዚያው ስም ነበር። ከዚህ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በደቡብ ኦሞ ይገኛል። የጃፓኑ ተመራማሪ ካትሱዮሺ ፉኩይ ባጠኑት በቦዲ ሕዝብ ዘንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የራሱ የሆነ የከብት ቀለም ይሰጠዋል፤ ያ ቀለም ያለውን ሰንጋ ይወድዳል፤ ይዘፍንለታልም።

ዘፈኑን የሚደርሰው ሰው

ዘፈን ያለው ሰው ሁሉ ዘፈን ደራሲ አይደለም። የመግጠም ችሎታ ያለው ራሱ ይደርሳል። የሌለው ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ባለሙያው አስቀድሞ ይጠይቃል። የአያቶችህ ስም ማን ነው፤ ሰንጋው ከየት መጣ፤ ማን ከለከለህ፤ ማን ረዳህ፤ እነማን ይመሰገኑልህ፤ እነማን ይወቀሱልህ ይላል። ደንበኛው የሕይወቱን ጥሬ ነገር ይሰጣል፤ ባለሙያው በቃልና በዜማ ያዋቅረዋል። ክፍያው እንደ ዘፈኑ ርዝመትና እንደ ባለሙያው ስም ከትንሽ ስጦታ እስከ ከብት ይደርሳል። ሥራው ሲያልቅ ግን ዘፈኑ የደንበኛው ነው። ደራሲው በችሎታው ይመሰገናል እንጂ በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው «እኔ» ደንበኛው ነው።

ጽሑፍ በሌለበት ረጅም ዘፈን እንዴት ይያዛል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። መልሱ የሥራ ክፍፍል ነው። ደራሲው ሲፈጥር አጠገቡ ጥሩ ትውስታ ያላቸው ሰዎች ይቀመጣሉ። እርሱ አንድ ስንኝ ሲያወጣ እነርሱ ይይዙታል፤ ይደግሙታል፤ ከፊተኛው ጋር ያያይዙታል። ደራሲው የቀደመውን ለማስታወስ ሳይጨነቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ከእነርሱ ይማረዋል። ደራሲው ራሱ የሠራውን ዘፈን ከጊዜ በኋላ ላያስታውሰው ይችላል፤ ይህም የማስታወስ ሥራ ለሌሎች የተሰጠ በመሆኑ ነው። ፍራንሲስ ዴንግ ይህን አሠራር በዝርዝር መግለጻቸው ትልቅ ውለታ ነው። «የቃል ግጥም በቅጽበት ይፈልቃል» የሚለውን ግምት አስቀርተው ታቅዶ፣ ተጠይቆ፣ ተስተካክሎ የሚሠራ የእጅ ሥራ መሆኑን አሳይተዋልና።

ለድርሰት የተለየ ወቅትም አለ። ወጣቶች ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ተለይተው፣ ብዙ ወተት እየጠጡ፣ ሰውነታቸውን እያደለቡ ያርፋሉ። በዚያ ዕረፍት ዘፈኖቻቸውን ያዘጋጃሉ። ሲመለሱ የደለበ ሰውነታቸውና አዲሱ ዘፈናቸው አብረው ለሕዝብ ይታያሉ። በዚህ ጊዜ የሚዘፈነው ዘፈን ከባድ ጉዳይ ሊይዝ ይችላል። ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያስነሣ ቅሬታ በዘፈን ሲነገር ይደመጣል። ልጁን ያልዳረ አባት፣ ቃሉን ያጠፈ አጎት፣ ፍርድ ያዛባ ሹም በዘፈን ይወቀሳል፤ ተወቃሹም እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ አቤቱታ እንዲቀበለው ይጠበቃል። ሴቶችም በዚህ ነፃነት ይጠቀማሉ። ባላቸውን በሰንጋው ስም እያወደሱ፣ በዚያው መካከል የሆዳቸውን ይናገራሉ።

ዜማውና የሚያጅበው ነገር

ሰንጋ ዘፈን በአብዛኛው የሚቀርበው በአንድ ሰው ድምፅ ነው። ባለቤቱ ከሰንጋው ጋር እየተጓዘ ይዘፍናል፤ ከድምፁ ጋር የሚሰማው ከሰንጋው አንገት ላይ የታሰረው ደወል ነው። በጭፈራ ቦታ ከበሮ ይጨመራል። ዜማው በፔንታቶኒክ (በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ አምስት ድምፆችን ብቻ በሚጠቀም) ስልት ላይ የተመሠረተ ነው። የኢትዮጵያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶችም ባለ አምስት ድምፅ ስለሆኑ ስልቱ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ሩቅ አይደለም። የሚለየው የቃሉ ብዛት ነው። ዜማው ሳይወሳሰብ ቃሉ ግን እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ስንኞቹ እኩል ርዝመት እንዲኖራቸው አይገደዱም፤ ቤት መምታትም ግዴታ አይደለም።

ከዚህ ጎን ለጎን የአውታር መሣሪያ ባህልም አለ። በኑዌሮች ዘንድ ቶም የሚባለው መሣሪያ ከክራር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ድምፅ ማጉያ ሳጥን፣ ከሳጥኑ የሚወጡ ሁለት ክንዶች፣ ክንዶቹን የሚያገናኝ መስቀለኛ እንጨት፣ ከእርሱ ወደ ሳጥኑ የተወጠሩ አውታሮች አሉት። ዓይነ ስውሩ የኑዌር ሙዚቀኛ ጎርደን ኮዋንግ ቶም እየመታ በጁባ መንገዶች ላይ በመጫወት ነው የጀመረው። በኋላ በራሱ ያሳተማቸው ቅጂዎች በኑዌር ማኅበረሰብ መካከል ተሠራጩ። በአውስትራሊያ ለሚኖሩ ወገኖቹ ሊጫወት በሄደበት ጊዜ በአገሩ ጦርነት በመቀስቀሱ ከአጎቱ ልጅ ጋር እዚያው ጥገኝነት ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 «ዩኒቲ» (አንድነት) የተባለ አልበም አወጣ። የእርሱ ዘፈኖች ሰንጋ ዘፈን አይደሉም፤ የፍቅርና የሰላም ዘፈኖች ናቸው። የአንድን ሰው ሕይወት ለአንድ ድምፅ አደራ መስጠቱ ግን በሁለቱም ዘንድ አለ።

ከጭቃ የሚጀመር ፍቅር

ለከብት ያለው ፍቅር የሚጀምረው ከልጆች ጨዋታ ነው። በዲንካም በኑዌርም በሙንዳሪም ዘንድ ልጆች ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተው ከብት ይሠራሉ። እግሩ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ ሻኛው ይጎላል፤ ቀንዱ ግን ከሰውነቱ ጋር በማይመጣጠን መጠን ይረዝማል። ይህ የእጅ ስሕተት አይደለም። ልጁ በዕድሜ ታላላቆቹ ከሰንጋ ላይ የሚያደንቁትን ነገር አውቆ ያንኑ አጉልቶ ያሳያል። ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ከደቡብ ሱዳን የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ የጭቃ ከብቶች አሉ፤ በእርግጥም ከብዙ የአዋቂ ሥራ የማያንሱ ናቸው።

የጭቃው ከብት ተሠርቶ አይቀመጥም፤ ይጫወቱበታል። ለመንጋው ትንሽ በረት ይሠራለታል። አንዱ ልጅ የሙሽራው ወገን፣ ሌላው የሙሽራዪቱ ወገን ሆነው ጥሎሽ ይደራደራሉ። ልጆቹ ስንት ከብት ለማን እንደሚሰጥ፣ አጎት ምን እንደሚደርሰው፣ የከብት ቀለም ምን እንደሚባል የሚማሩት በዚህ ጨዋታ ነው። ከብት በሌለበት በከተማ ሰፈርና በስደተኛ ጣቢያም ልጆች በጭቃ ከብት ይጫወታሉ፤ ጭቃ የትም አይጠፋምና።

ትግል

የጭቃው ከብት የልጆች ጨዋታ ከሆነ የወጣቶቹ ትግል ነው፤ በቦር አካባቢ ዲንካዎችና በሙንዳሪ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው። ዓላማው ተጋጣሚን መትቶ መጉዳት ሳይሆን አንሥቶ ወይም አሰናክሎ መሬት ላይ መጣል ነው። ታጋዮች አመድ ይቀባሉ። ደጋፊዎች በከበሮና በዘፈን ያጅቧቸዋል። ከነፃነቱ ዘመን ወዲህ ይህ የሰፈር ጨዋታ በጁባ ስታዲየም የክልሎች ውድድር ሆኖ ቀርቧል፤ ለአሸናፊው ከብት የሚሸለምበት ጊዜም አለ። የየአካባቢው ደጋፊ የራሱን ዘፈን ይዞ ስለሚመጣ በከተማው መካከል ከሰንጋው ጋር የተያያዘው የዘፈን ባህል በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ከሚሰማባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ከከብት ሰፈር ወደ ካሴት

ዘፈኑ ከከብት ሰፈር (እረኞች በበጋ መንጋቸውን ይዘው የሚያድሩበት ጊዜያዊ መንደር) ወጥቶ ወደ ከተማ የመጣበት ዋናው ምክንያት ጦርነት ነው። ከ1983 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የቆየው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሕዝቡን በተነው። ብዙዎች ወደ ካርቱም ሄዱ፤ ብዙዎች በጋምቤላ ኢታንግና ፒኝዶ ወደነበሩት የስደተኛ ጣቢያዎች ገቡ፤ ከ1992 ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ኬንያ የተቋቋመው የካኩማ ጣቢያ ተቀበላቸው። ከዚያ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ የተሻገሩ አሉ። መንጋው ተዘረፈ፤ ሰንጋውም ቀረ። ዘፈኑ ግን በአፍ የሚያዝ ስለሆነ ከባለቤቱ ጋር ተጓዘ።

በዚህ ጊዜ ካሴት (ድምፅ የሚቀረጽበት መግነጢሳዊ ጥቅል) ትልቅ ሥራ ሠራ። የቴፕ መቅጃ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም፤ ካሴቱ በኪስ ተይዞ ድንበር ይሻገራል። የለንደኑ የሶአስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንጀላ ኢምፒ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የዲንካ ዘፈን ከከብት ሰፈር ተነሥቶ አህጉር አቋራጭ የድምፅ ደብዳቤ እስከ መሆን የደረሰበትን መንገድ ተከታትለዋል። በሩቅ አገር ያለው ወንድም ችግሩን ዘፍኖ ይልካል፤ አገር ቤት ያሉት ሰምተው በዘፈን ይመልሳሉ። የጥሎሽ ጉዳይ፣ የተቋረጠ እርዳታ፣ የሞት መርዶ፣ የእርቅ ጥያቄ በካሴት ተላልፏል። ካሴቱ እየተገለበጠ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲዞር የአንድ ሰው ዘፈን በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ይታወቃል።

ጦርነቱን ያበቃው የሰላም ስምምነት ከተፈረመበት ከ2005 እ.ኤ.አ. በኋላ ተመላሹ ሕዝብ ወደ ጁባ ጎረፈ፤ ዘፈኖቹም አብረው ገቡ። ዛሬ የካሴቱን ቦታ ስልክና ሚሞሪ ካርድ (ትንሽ የመረጃ ማከማቻ) ወስደውታል። መሥሪያ ቤት የሚውል፣ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ፣ ገበያ ላይ የሚሸጥ ሰው ከብት ሳያግድ የራሱን ሰንጋ ዘፈን በስልኩ ይዞ ይኖራል። ሰንጋው ሩቅ አገር በዘመድ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ድሮ ታርዶም ሊሆን ይችላል። ይህ ለልማዱ እንግዳ ነገር አይደለም። በገጠርም ቢሆን ሰንጋ ለመሥዋዕት ሲታረድ ስሙ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ ዘፈኑም ይቀጥላል። አዲሶቹ ዘፈኖች ስለ ትምህርት፣ ስለ መሬት ክርክር፣ ስለ ጦርነቱና ስለ እርቅ ይናገራሉ። የከተማ ሕይወት ሰንጋ ዘፈንን ያጠፋዋል የሚለው ሥጋት ዘፈኑ ከመንጋው ጋር ብቻ የተሳሰረ አድርጎ በማየት የመጣ ነው። ዘፈኑ ከሰውየው ስምና ታሪክ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሰውየው በሄደበት ሊኖር ችሏል።

በጽሑፍ የማይያዘው ክፍል

ዲንካኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ለደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች ወጥ የሆነ አጻጻፍ እንዲኖር የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1928 ከጁባ በስተደቡብ በምትገኘው በረጃፍ በተካሄደ የቋንቋ ጉባኤ ነው። ዲንካኛ፣ ኑዌርኛና ባሪኛ በዚያ ጉባኤ ከተመረጡት ቋንቋዎች መካከል ነበሩ። ይህ አጻጻፍ ለትምህርትና ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም አገልግሏል። ለዘፈን ግን ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

የሚያመልጠው በቋንቋው ተፈጥሮ ምክንያት ነው። ዲንካኛ የቃና ቋንቋ ነው፤ ይህም አንድ ቃል በከፍተኛ ወይም በዝቅተኛ ድምፅ ሲነገር ትርጉሙ የሚለወጥበት ቋንቋ ማለት ነው። በአማርኛ «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ትርጉም እንደሚሰጥ ሁሉ፣ በዲንካኛ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለያል፤ እዚያ ግን አጭር፣ መካከለኛና ረጅም የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ። የቋንቋ ምሁራኑ በርት ሬማይሰንና ሊዮማ ጊሊ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት እንዲህ ያለው ሦስት ደረጃ በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ ብርቅ ነው። በዚህ ላይ ድምፁ በትንፋሽ የታጀበ መሆን አለመሆኑም ትርጉም ይለያል። የተለመደው አጻጻፍ ቃናን አያመለክትም፤ ስለዚህ አንባቢው ከዐውዱ መገመት አለበት።

በተራ ንግግር ጽሑፍ ላይ ግምቱ አያስቸግርም። በሰንጋ ዘፈን ላይ ግን ያስቸግራል። ዘፋኙ ቀጥተኛውን ስም ትቶ በምስል ስለሚናገር ዐውዱ ራሱ የተሸፈነ ነው። ዜማው ደግሞ የራሱን ከፍታና ርዝመት ያመጣል፤ በንግግር አጭር የነበረው አናባቢ በዜማ ሊጎተት፣ ከፍ ያለው ሊወርድ ይችላል። አድማጩ የቃሉንና የዜማውን ድርሻ ለይቶ ይሰማል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከ2009 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የኤድንበራ ዩኒቨርሲቲና የሶአስ ተመራማሪዎች በጋራ የዲንካን ንግግርና ዘፈን ምጣኔና ዜማ አጥንተዋል፤ ብዙ ዘፈኖችንም ከነባለቤቶቻቸው ማብራሪያ ቀርጸዋል። ማብራሪያው የግድ ነበር። በአንድ ስንኝ ውስጥ ደመና የተባለው የትኛው ሰንጋ እንደሆነ፣ የተወቀሰው አጎት ማን እንደሆነ፣ ወንዙ የተሻገረው በየትኛው ስደት እንደሆነ የሚያውቀው ባለ ዘፈኑ ነው። በጁባ ጎረምሳ የአባቱን ዘፈን መማር ሲፈልግ ከቅጂው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ስንኝ በስንኝ መጠየቅ ነው።